ትንፋሽ ለሚያጥረው ጀማሪ፦ የትኛው የተራራ ብስክሌት፣ በየትኛው መንገድ?

የተራራ ብስክሌት ልጀምር ብሎ የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው «የቱ ምርት ይሻላል?» ብሎ ነው። ለዓመታት ወንበር ላይ ውሎ ሶፋ ላይ ላመሸ፣ ሁለት ፎቅ ሲወጣ ትንፋሹ ለሚቆራረጥ ጀማሪ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ዛሬ በዚህ ብስክሌት ከወጣሁ ከነገ ወዲያም ደግሜ ለመውጣት ልቤ ይነሣሣል ወይ? ብዙ ሰው ብስክሌቱን በረንዳ ላይ አቁሞ የሚረሳው የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ቅጣት ስለሚሆኑበት ነው። ስለዚህ መንገዱንም፣ ብስክሌቱንም፣ ማርሹንም፣ አብሮ የሚነዳውን ሰውም የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው። የማወራውም ስለ አዲስ አበባና ስለ አካባቢዋ ነው፤ ሌላ ከተማ ያለ አንባቢ ከፍታውንና የአፈሩን ዓይነት በራሱ ቦታ ተክቶ ሊያነበው ይችላል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልበል። እርምጃ ሲያፈጥኑ ደረትዎን የሚጨመድድዎት ከሆነ፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብዎት፣ ወይም ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ ምንም እንቅስቃሴ ካላደረጉ ብስክሌት ከመግዛትዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ በጉዞ ላይ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል ጣፋጭ ነገር ኪሱ ውስጥ ሳይይዝ መውጣት የለበትም።

የከፍታው ነገር

መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። በመስቀል አደባባይ ከፍታ የአየር ግፊቱ፣ ከእርሱም ጋር በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን፣ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ይሆናል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰውነት ይህን ለምዶት ይኖራል፤ ሆኖም ያልሠለጠነ ልብና ያልሠለጠነ እግር ዳገት ላይ ሲገናኙ ከፍታው ምሕረት የለውም። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የመጣ ወገን ደግሞ ባገሩ በቀላሉ የሚነዳውን ያህል እዚህ ለመንዳት ቢሞክር ራስ ምታትና ድካም ይይዘዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት በእግር ጉዞና በሜዳ ላይ ብስክሌት ብቻ ቢያሳልፍ ይሻለዋል።

ይህን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። በውጭ አገር ተጽፈው የምናነባቸው የጀማሪ ምክሮች ብዙዎቹ በዝቅተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው የታሰቡ ናቸው። «በመጀመሪያው ወር ሃያ ኪሎ ሜትር» የሚል ዕቅድ ቆላ ላይ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ሰው ያስመርራል።

ከየት ይጀመር?

አራት አማራጭ አለ፤ እኩል አይደሉም።

የመጀመሪያው ሁሉም የሚመኘው ነው፤ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ በቀጥታ እንጦጦን መውጣት። መንገዱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ መቶዎች ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ አንዳንዱ ቦታ መኪናም በአንደኛ ማርሽ ነው የሚያልፈው። በጭሱ ላይ ጭስ የሚጨምር ሚኒባስም አለ። ለጀማሪ በፍጹም አልመክረውም። ይህን ዳገት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር የሞከረ ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሞከረ ግን ብስክሌቱን እየገፋ ወጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ጉልበቱን ሲያሽ ይሰነብታል።

ሁለተኛው ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ወጥቶ እዚያው ላይ መንዳት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠሩ መንገዶች አሉት፤ የባሕር ዛፉ ጥላና ንጹሕ አየሩም ያስደስታል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሿ ጉብታም ትንፋሽ ትቀማለች። ከፓርኩ ወደ ከተማ በብስክሌት መውረድ ደግሞ ቁልቁለት ላልለመደ ሰው ከመውጣት የሚብስ አደጋ አለው። ጭነው ከወጡ ጭነው ይመለሱ።

ሦስተኛው በኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ናቸው። የተራራ ብስክሌት ለገዛ ሰው አስፋልት መንዳት ያሳፍራል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ለመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ባይ ነኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ እግረኛው ሳይበዛ ሜዳ ሜዳውን ሠላሳ ደቂቃ መንዳት፣ ማርሽ መቀየር መልመድ፣ አንድ እጅን ለቆ ወደ ኋላ መመልከት፣ በሁለቱም ፍሬን ቀስ ብሎ መቆም። እነዚህ አራቱ እጅ ውስጥ ካልገቡ ጫካ ውስጥ ሰው ይወድቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሰፈር ኮብልስቶን ይምጣ፤ ንዝረቱ ክንድን አላልቶ መሪ መያዝን ሳይወዱ በግድ ያስተምራል።

አራተኛው ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ይህ ሰፊ ሜዳ የሯጮች መለማመጃ እንደ መሆኑ መጠን ለብስክሌተኛም የተመቸ ነው። ከፍታው ከአዲስ አበባ መሃል ይበልጣል፤ ዳገቱ ግን ለስላሳ ነው፤ በእርሻና በግጦሽ መካከል የሚሄዱ የእግር መንገዶችም ሞልተዋል። ችግሩ ክረምት ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ከብስክሌቱ አካል ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን ተሸክሞ መመለስ ነው የሚተርፈው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሱሉልታ፣ ክረምቱን አስፋልትና ኮብልስቶን ብለው ቢከፋፍሉት ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ መንዳት ይቻላል።

ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ከሆኑ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። ሦስቱም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፤ ሐዋሳና ባሕር ዳር ደግሞ ብስክሌት የኑሮ ዕቃ የሆነባቸው፣ አሽከርካሪውም ብስክሌተኛ ማየት የለመደባቸው ከተሞች ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ወርዶ መንዳት ለብዙ ጀማሪ እንጦጦን ከመታገል ይሻላል።

የትኛው ዓይነት ብስክሌት?

ገበያ ላይ አራት ዓይነት ያገኛሉ፦ አሞርዛተር የሌለው፣ ፊቱ ብቻ አሞርዛተር ያለው፣ ፊትና ኋላው አሞርዛተር ያለው፣ እና በባትሪ የሚታገዝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ዓይንን የሚማርከውን ላንሣ። ፊትና ኋላው አሞርዛተር ያለው ብስክሌት በርካሽ ሲሸጥ ካዩ አይግዙት። ጥሩው ዓይነት ድንቅ ነው፤ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ጎማውን ከመሬት ሳያላቅቅ ያወርዳል፤ ዋጋው ግን ጀማሪ የሚከፍለው አይደለም። ርካሹ ደግሞ መልኩን ብቻ ነው የወሰደው። ፔዳል በረገጡ ቁጥር የኋላው ሞላ እየተጨመቀ ይለቀቃል፤ ወደ ፊት ሊወስድዎት ከሚገባው ጉልበት ከፊሉ እዚያው እላይ፣ እታች ሲል ያልቃል። ክብደቱ ከ16 እና ከ17 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። መታጠፊያዎቹ ሲላሉም በሰፈር ጥገና ቤት የሚተካ ዕቃ አይገኝላቸውም። ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ከዚህ የከፋ ጓደኛ የለም።

ፊቱ ብቻ አሞርዛተር ያለው ለአብዛኛው ጀማሪ ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የርካሽ ብስክሌት የፊት አሞርዛተር ከባድ የሞላ ብረት ነው፤ ብቻውን ሁለት ኪሎ ተኩልና ከዚያ በላይ የሚመዝን አለ። ሲገዙ መሪውን በሁለት እጅ ተጭነው ይልቀቁት። ወርዶ በለስላሳው ከተመለሰ ደህና ነው። ከተንቋቋ፣ ከተጣበቀ፣ ወይም የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉት ሹካው (የፊት ጎማውን የያዘው ክፍል) የሚወላገድ ከሆነ ተበልቷል። በዚያ ዋጋ አሞርዛተር የሌለው ጠንካራ ብስክሌት ብታገኙ እርሱን ውሰዱ እላለሁ። ሰፊ ጎማ፣ ልከኛ አየር ካለው፣ ለሱሉልታ ሜዳና ለኮብልስቶን ይበቃል፤ የሚሰበርም ነገር የለውም።

በባትሪ የሚታገዘው ለሰነፍ ነው የሚባለው ስሕተት ነው። የሚነዳው ሰው ፔዳል እየረገጠ ስለሆነ ልቡ ይሠራል፤ ሞተሩ የሚወስድለት ያንን ትንፋሽ የሚያቆራርጠውን ጫፉን ነው። ጉልበቱ ለታመመ፣ ክብደቱ ለበዛ፣ ወይም ከጠንካራ የትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ መውጣት ለሚፈልግ ሰው እውነተኛ መፍትሔ ነው። በእኛ አገር የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ብስክሌቱ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ባትሪው መንገድ ላይ ካለቀ ዳገቱን መግፋት ነው። ሞተሩ ወይም ባትሪው ሲበላሽ የሚያውቀው ጥገና ሠሪ ጥቂት ነው። ከውጭ አመጣዋለሁ ለሚል ደግሞ አየር መንገዶች በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ አይቀበሉም፤ የእነዚህ ብስክሌቶች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 400 እና ከዚያ በላይ ነው። ብስክሌቱ ደርሶ ባትሪው ቦሌ ላይ የማይወርድበት ምክንያት ይህ ነው።

ዋናው ጉዳይ፦ ትንሹ ማርሽ

ሻጭ ሁሉ «ባለ 21 ማርሽ»፣ «ባለ 27 ማርሽ» እያለ ይጠራል። ቁጥሩ ለጀማሪ ምንም አይነግረውም። የሚጠቅመው የማርሹ ብዛት ሳይሆን ከሁሉ ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ነው፤ ይህን ደግሞ ሱቁ ውስጥ ቆመው ራስዎ ማወቅ ይችላሉ።

ጎንበስ ብለው ሁለት ነገር ይቁጠሩ። አንደኛው ከፔዳሉ ጋር ከሚዞሩት ጥርሳም ብረቶች የትንሹን ጥርስ ብዛት ነው። ሁለተኛው ከኋላ ጎማ ጋር ከሚዞሩት የትልቁን። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከሌለ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርገው ዞረው እስኪመለሱ መቁጠር ነው። ከዚያ የፊቱን ለኋላው ያካፍሉ። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ዳገቱ ይቀልልዎታል።

በምሳሌ እንየው። በገበያ የሚበዛው ባለ 26 ኢንች ጎማ ብስክሌት ፊቱ 24፣ ኋላው 28 ጥርስ ነው እንበል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳልና ፔዳሉን አንድ ዙር ሲያዞሩ 1.77 ሜትር ይራመዳሉ። በደቂቃ 60 ዙር ቢረግጡ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ ቀስ ልበል ካሉ እግርዎ እየከበደ፣ ጉልበትዎ እየተጫነ ይሄዳል። አሁን የኋላውን 28 አውጥተው 34 ይተኩ። አንድ ዙር 1.46 ሜትር ይሆናል፤ በዚያው የእግር ፍጥነት በሰዓት 5.3 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ያንኑ ዳገት ይወጣሉ፤ በየሰከንዱ ከሰውነትዎ የሚጠየቀው ጉልበትም ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ትንፋሹ ሊቋረጥ ጫፍ ላይ ለደረሰ ሰው ይህች አንድ እጅ ወርዶ በመግፋትና ተቀምጦ በመውጣት መካከል ያለች ልዩነት ናት።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ዘመናዊው፣ ፊቱ አንድ ብቻ ጥርሳም ብረት ያለው ባለ 29 ኢንች ብስክሌት፣ ለምሳሌ ፊቱ 32 ኋላው 51 ቢሆን፣ በአንድ ዙር 1.44 ሜትር ነው የሚሄደው። ብዙ እጥፍ ዋጋ ያለው አዲሱ ብስክሌትና ኋላው 34 የተተከለለት አሮጌ ባለ 26 ኢንች ዳገት ላይ ማርሻቸው እኩል ነው ማለት ነው። አዲሱ ቀለል ይላል፣ ማርሹም በአንድ እጅ ብቻ ስለሚቀየር ለመልመድ ይቀላል፤ ድንጋይ ላይም የተሻለ ይረጋጋል። ትንፋሽዎን ለማዳን ግን እርሱ የግድ አያስፈልግም።

ጥርሱን ሲያስቀይሩ ጥገና ሠሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የኋላ ማርሽ ቀያሪው ክንድ 34 ጥርስ ለማስተናገድ ይበቃል ወይ፣ ሰንሰለቱስ ይደርሳል ወይ። ካልደረሰ አዲስ ሰንሰለት አብሮ ይገዛ፤ ያረጀ ሰንሰለት አዲስ ጥርስ ላይ ማድረግ ቶሎ ይበላዋል።

ፍሬን፣ ጎማ፣ የአየር መሙያው

ፍሬን ሦስት ዓይነት ነው። ቸርኬውን በጎማ የሚቆነጥጠው ርካሽና በየሰፈሩ የሚጠገን ነው፤ ዝናብና ጭቃ ላይ ግን ይሰንፋል። በሽቦ የሚሠራው ዲስክ ፍሬን መካከለኛው ነው፤ ለአዲስ አበባ ጀማሪ የምመርጠው ይህን ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ በየትኛውም ጥገና ቤት ይተካል። በዘይት የሚሠራው ዲስክ በአንድ ጣት ያቆማል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ እጅ አያደክምም። ሆኖም ዘይቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ እንደ ሺማኖ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው ማዕድን ዘይት ሲወስዱ ሌሎች ለመኪና ፍሬን የሚሆነውን ዓይነት ይወስዳሉ። አንዱን በሌላው ቦታ የሚጨምር ጥገና ሠሪ ውስጡ ያሉትን ጎማዎች አቃጥሎ ፍሬኑን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ለብስክሌትዎ የትኛው እንደሚሆን ሳያውቁ አያስነኩት።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ብስክሌት ሲገዙ የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነ ቀድመው ይሞክሩ። ከእንግሊዝ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ነው፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓ አህጉር የመጣው በግራ። ቁልቁለት ላይ የኋላውን የያዙ መስሎዎት የፊቱን ጨምቀው ከያዙ በመሪው ላይ ተሻግረው ይወድቃሉ።

የጎማ መጠን ላይ ብዙ አልቆይም። ባለ 29 ጉድጓድና ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል፤ ባለ 26 ደግሞ ጎማውና ከመነዳሪው በቀላሉ ይገኛል። ቁመቱ ከ1.60 ሜትር በታች ለሆነ ሰው 26 ወይም 27.5 ይመቻል። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የአየር መሙያው አፍ ነው። እንደ መኪና ጎማ ወፍራም አፍ ያለው ከሆነ የትም ጎሚስታ ይሞላልዎታል። ቀጭን፣ ጫፉ በጣት የሚፈታ አፍ ያለው ከሆነ ያለ ማገናኛ አይሞላም፤ ማገናኛውን ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ። ጎሚስታው ደግሞ እንደ ልማዱ ጎማውን ድንጋይ እስኪያክል ይነፋዋል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ሁለት ኢንችና ከዚያ በላይ ስፋት ላለው ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ብስክሌቱ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ ወገብዎም ይቀጣል።

አዲስ፣ ያገለገለ፣ ወይስ ከውጭ?

በእኔ አስተያየት በተመሳሳይ ገንዘብ ከርካሽ አዲስ ይልቅ ጥሩ ያገለገለ ይሻላል። ርካሽ አዲስ ብስክሌት የሚያብረቀርቀው ለጥቂት ወር ነው፤ ከዚያ ፔዳሉ መላላት፣ ጎማው መወላገድ ይጀምራል። ያገለገለውን ግን መመርመር ያስፈልጋል። ገልብጠው ሁለቱንም ጎማ ያሽከርክሩ፤ ቸርኬው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ተመትቷል። ከቸርኬው ወደ መሃል የተዘረጉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን አብረው ይጫኗቸው፤ የላላ ወይም የጎደለ ካለ፣ በተለይ የኋላው ላይ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ተራ በተራ ይበጠሳሉ። ክብደትዎ ከመቶ ኪሎ ካለፈ ኋላው 32 ወይም 36 ሽቦ ያለውን ይምረጡ። የብስክሌቱን አካል መጋጠሚያዎች በጨርቅ ጠርገው ስንጥቅ ወይም አዲስ ቀለም ይፈልጉ፤ ያለ ምክንያት አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ ቀለም ብየዳ ይሸፍናል።

መጠኑ ከዋጋው ይበልጣል። እግርዎን አንፈራጠው መሃሉ ላይ ሲቆሙ ከላይኛው ብረት በላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ኮርቻውን ለማስተካከል ፔዳሉን ወደ ታች አውርደው ተረከዝዎን ያስቀምጡበት፤ እግርዎ ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ ታጠፍ ይላል። ከነዱ በኋላ ከጉልበት ፊት ለፊት የሚያምዎት ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ከሆነ ከፍ ብሏል።

ዘመድ ከውጭ ይዞ ይመጣልኛል የሚለው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ በየአንዳንዱ ሻንጣ ላይ የተለመደው ወሰን 23 ኪሎ መሆኑን፣ ለብስክሌት የተለየ ክፍያ ሊኖር እንደሚችል ግን ዘመድዎ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። ከብስክሌቱ ይልቅ እዚህ የማይገኙትን ትንንሽ ዕቃዎች ማስመጣት የበለጠ ይጠቅማል፦ ጥሩ ሄልሜት፣ የፍሬን ሸራ፣ ለዘይት ፍሬኑ ትክክለኛው ዘይት፣ የመለጠፊያ ዕቃ፣ በታችኛው በኩል ስፖንጅ ያለው ቁምጣ። የመቀመጫው ሕመም ብዙ ሰው ያስቆማል፤ ይህ ቁምጣ ከወፍራም ኮርቻ ይልቅ ያስታግሠዋል።

ሳምንቱን ማከፋፈል

እሑድ ብቻ ሦስት ሰዓት መንዳትና በሳምንት ሦስት ቀን ሠላሳ አርባ ደቂቃ መንዳት ሲነጻጸሩ ለጀማሪ ሁለተኛው በብዙ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ወደዚያ ለመድረስ ሁለት ወር ቢፈጅብዎት ምንም አይደለም። ልክዎን የሚያውቁት በወሬ ነው። እየነዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልክ ነዎት፤ ሁለት ሁለት ቃል ከሆነ ማርሹን ያቅልሉ።

ጾም ለብዙዎቻችን የዓመቱ ትልቅ ክፍል ነውና ያለ እርሱ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ቀን ብስክሌት አቁሞ በፋሲካ ማግስት እንደገና ከዜሮ መጀመር ተስፋ ያስቆርጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከምሳ በፊት ባለው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ነድቶ ወዲያው ቢመገብ ይበጀዋል። በረመዳንም እንዲሁ ከአፍጥር በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ወይም ከአፍጥር ሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ውኃ ስለማይጠጣ ዳገትና የቀትር ፀሐይ ይቅሩ። ለመንገድ ስንቅ ደግሞ በወርቅ ዋጋ የሚሸጠውን የስፖርት ጄል መፈለግ አያስፈልግም፤ በውኃ የተበጠበጠ በሶ ትንሽ ጨውና ስኳር ታክሎበት፣ ሙዝና አንድ እፍኝ ቆሎ የሁለት ሰዓት ጉዞ ያስኬዳሉ። በሶውም፣ ሙዙም፣ ቆሎውም የጾም ናቸው።

ብቻዎን ወይስ ከቡድን ጋር? ጥሩ ቡድን መንገድ ያሳያል፣ ጎማ መለጠፍ ያስተምራል፣ ጫካ ውስጥም ከለላ ነው። መጥፎው ቡድን ግን ጀማሪን ያጠፋል። ልዩነቱን የሚያውቁት በአንድ ነገር ነው፤ ዳገት ላይ ሲቀሩ የሚጠብቁዎት ሰዎች እርስዎ ሲደርሱ ወዲያው ይነሣሉ ወይስ እርስዎም ትንፋሽዎን እስኪሰበስቡ ይቆያሉ? ወዲያው የሚነሡ ከሆነ እነርሱ አርፈዋል፣ እርስዎ አላረፉም። እንዲህ ካለው ቡድን ጋር ከመውጣት ከአንድ ታጋሽ ጓደኛ ጋር ይውጡ። ሴቶች በተለይ ጫካ ውስጥ ብቻቸውን ከመንዳት ሁለት ሦስት ሆነው ቢወጡ እመክራለሁ፤ ይህን የምለው ችሎታ አጥተው ሳይሆን መንገዱ ጭር ስለሚል ነው።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

ዳገት ሳይጀመር ማርሽ ይቀየር፤ ሰንሰለቱ ጉልበት ተጭኖበት ሲቀየር ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ከኮርቻው አይነሡ፤ ወደ ኮርቻው ጫፍ ጠጋ ብለው ደረትዎን ዝቅ ያድርጉ። ትንፋሽ ሲያጥርዎት ወርደው ይግፉ። ወርዶ መግፋት የስፖርቱ አካል ነው፤ ውድድር ላይ ያሉትም ይገፋሉ።

ቁልቁለት ላይ ሁለቱን ፔዳሎች በአንድ ከፍታ አስተካክለው ከኮርቻው ብድግ ይበሉ፤ ወገብዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ሁለቱንም ፍሬን በአንድ አንድ ጣት ቀስ እያሉ ይያዙ፤ ዓይንዎ ከጎማው ፊት ሳይሆን ሩቅ ይመልከት። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ እርጥብ አስፋልት ያንሸራትታል፤ ቅጠል ላይ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይታጠፍም። እንጦጦ ላይ ደግሞ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ያ ሁሉ ሸክም ጀርባቸው ላይ እያለ ዘወር ሊሉልዎት አይችሉምና የሚቆሙት እርስዎ ነዎት፤ ከሩቅ ድምፅ አሰምተው ወርደው ያሳልፏቸው።

ውሻ ከተነሣብዎት ለማምለጥ አይሩጡ፤ ወርደው ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል ያድርጉ፤ አብዛኛው ውሻ ሰው መሆንዎን ሲያይ ይመለሳል። ጎሕ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ወደ እንጦጦ ጫካ አይግቡ፤ ጅብ አለ።

ሁለተኛውን ብስክሌት መቼ?

በመጀመሪያው ዓመት ካለዎት ገንዘብ ከፊሉን ብቻ ብስክሌቱ ላይ ያውሉት። የቀረው ለሄልሜት፣ ለጓንት፣ ለመጠባበቂያ ከመነዳሪ፣ ለመንፊያ፣ ለጥርስ ማስቀየሪያና ለመጀመሪያው ጥገና ይቀመጥ። ውድ ብስክሌት መግዛት ትክክል የሚሆነው የያዙት ብስክሌት የሚከለክልዎትን ነገር በስም መጥራት ሲችሉ ነው፤ «ፍሬኑ ረጅም ቁልቁለት ላይ እጄን ያዝለዋል»፣ «ፊቱ ድንጋይ ላይ ይዘልብኛል» ብለው። ያን ጊዜ ምን እንደሚገዙ ሻጩ አይነግርዎትም፤ እርስዎ ይነግሩታል። እስከዚያው በሳምንት ሦስት ቀን የሚወጡበት ብስክሌት ካለዎት በቂ ብስክሌት አለዎት።